ቁጭ ብላ የምትጠይቅ ሲስተር

ሲስተር ዘነበች ማረፏን የሰማሁት ከደሴ በተደወለ ስልክ ነው። የደወለችው የእኅቷ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ስለ ልጆቼ። ቀጥላ ከሰቆጣ ወልድያ ያለው መንገድ ተጠግኖ እንደሆነ። እሷ ሰቆጣን በዓይኗ አይታት አታውቅም።

«እመቤቴ፣ ሲስተር ሞተች እንዴ?» አልኳት።

«እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

እንዴት አላውቅ! ሰው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድብህ መሃሉ ላይ ያለውን ጠይቀው ብላ ያስተማረችኝ እሷው አይደለች? አለቀስኩላት። የሚገባትን ያህል አለቀስኩላት። ግን ደግሞ ሲስተር ዘነበችን እያሰቡ ለረጅም ጊዜ ማዘን አስቸጋሪ ነገር ነው፤ መሃል ላይ አንድ የሚያስቅ ነገሯ ትዝ ይልና ለቅሶውን ያበላሸዋል።

የደሴ ልጅ ነች። ባሏ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ወደ ሰቆጣ ሲዛወሩ ተከትላቸው መጣች። እኔ የሰቆጣ ተወላጅ ነኝ፤ ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያው አገሬ ጤና ጣቢያ ስመደብ የተኝቶ መታከሚያው ክፍል ኃላፊ ሆና አገኘኋት። አጭር፣ ሰፊ፣ ፊቷ ሁልጊዜ አሁን ከሳቅ የተመለሰ የሚመስል ሴት ነበረች። የሰቆጣን ዳገት ስትወጣ ደጋግማ ትቆምና ወደ ተራራው ትዞራለች። «አገራችሁ እንዴት ያምራል!» ትላለች። ትንፋሽ እያጠራት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አብረን ቆመን ተራራውን እናደንቃለን።

ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄድ በብብቷ ሥር የእንጨት በርጩማ ትይዛለች። ሌላው ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ ጠይቆ፣ ጽፎ ያልፋል። እሷ በርጩማዋን ታስቀምጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ጋወኗን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ነው የምትጠይቀው። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብን ሳለ፣ «ሲስተር፣ ቆመን ብንጨርሰው አይሻልም?» አልኳት።

«ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይፈልግም» አለችኝ። «በሽተኛው ደግሞ ይህን ያውቃል። ‹ደህና ነኝ› ብሎ ያሰናብትሃል።»

የጋወኗ ኪስ ከገብስ ቆሎ አይጎድልም ነበር። እየቆነጠረች ለበሽተኛው ታካፍላለች፤ ራሷም ትበላለች። «ሰው እያኘከ አይዋሽም» ትል ነበር። ይህ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣንጋን ልማር ብላ የታገለችውን ትግልማ ማን ይረሳዋል! የገጠሩ ሰው አማርኛ ይችላል፤ ሲያመውና ሲጨንቀው ግን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ስለዚህ መማር አለብኝ አለች። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀምጣ «ሆድዎን የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ልትል ፈልጋ፣ «ሆድዎን የት አስቀመጡት?» ብላ አረፈችው። አሮጊቷ ቀና ብለው አይዋትና፣ «ለልጆቼ ትቼላቸው መጣሁ» አሏት። ስተረጉምላት በርጩማው ላይ መቀመጥ እስኪያቅታት ሳቀች። እሷ ስትስቅ አሮጊቷም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ለእሷ ያልነገሯት ነገር የለም።

ተቆጥታ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። አንዷ ነርሳችን ራሷን የሚያማትን ሴት መርምራ «ምንም የለብሽም፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» ብላ ሸኘቻት። ሲስተር ሰምታ ጠራቻት።

«ምንም ከሌለባት ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣት? ‹ያገኘሁት ነገር የለም› በያት። እሱ ስላንቺ ነው፤ ትክክል ነሽ። ‹ምንም የለብሽም› ያልሻት ግን ስለሷ ነው። እሱን አንቺ በምን አወቅሽ?»

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረች። አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም በላይ በልቤ የቀረውን፣ የአያ ካሱን ነገር ነው።

የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። አያ ካሱን በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧቸው የደሃና ወረዳ ሰዎች ናቸው። ጠንካራ ገበሬ፣ ንብ አርቢ፣ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ነበሩ። ሁለት ሴቶች ተከትለዋቸው መጡ። አንዷ ታላቅ እኅታቸው እማ ስንዱ ናቸው። ሌላዋ የልጃቸው ሚስት ይታይሽ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ምስጋናው የአያ ካሱ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ዘምቷል።

የአያ ካሱ ሕመም እንዲህ ነበር። እየተጫወቱ ሳለ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ አንገታቸው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ መላ ሰውነታቸው ተነሥቶ አልጋውን ያናውጠዋል። ቢጠሯቸው አይሰሙም። ሲለቃቸው ላብ በላብ ሆነው፣ እንደ ሕፃን ደክመው ይተኛሉ። አገራቸው ጠበል ተጠምቀዋል፤ አልተዋቸውም። እኔና ሲስተር የሚጥል በሽታ ነው አልንና የዚያን ክኒን ጀመርንላቸው። ክኒኑ አስተኛቸው እንጂ መውደቃቸውን አላስቀረም።

ሲስተር በርጩማዋን ይዛ አጠገባቸው መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ወደ በረንዳ ጠራችኝ።

«ተሳስተናል» አለችኝ። «ምላሳቸውን ነክሰው አያውቁም። ሽንታቸው አያመልጣቸውም። ዓይናቸውን ደግሞ አየኸው? የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑ ይገለጣል። እሳቸው ጥርቅም አድርገው ነው የሚጨፍኑት። እጃቸውን አንሥቼ ፊታቸው ላይ ብለቀው ፊታቸውን ስቶ ወደ ጎን ይወድቃል።»

«ታዲያ እያስመሰሉ ነው ማለት ነው?»

«የሚያስመስል ሰው መቼ እንደሚያቆም ያውቃል» አለች። «እሳቸው አያውቁም። እንባ እኮ ነው ከተጨፈነው ዓይናቸው የሚወርደው። አፋቸው ያልቻለውን ነገር ሰውነታቸው እየተናገረ ነው። ምን እንደሆነ ነው እንጂ ያላወቅሁት።»

አልፎ አልፎ ከወልድያ የሚመጣ ሐኪም ነበር። እሱም በደንብ አያቸውና ከሲስተር ጋር ተስማማ። ክኒኑን ቀስ እያላችሁ አቁሙ፤ ምክንያቱን ፈልጉ አለን።

ምክንያቱን ከሁላችንም ቀድመው አገኘሁት ያሉት እማ ስንዱ ናቸው። ወንድማቸው የሚወድቁት ይታይሽ ምሳ ይዛ ስትገባ ነው። ልብ ብለን ስናይ እውነት ነበር። ልጅቱ መሶቧን አስቀምጣ፣ እጃቸውን አስታጥባቸው፣ ሁለት ቃል ተለዋውጠው ትንሽ ሳይቆዩ ያ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

«እግሯ ነው!» አሉ እማ ስንዱ። «ይቺ ልጅ ከገባች ወዲህ ቤታችን ቀንቶት አያውቅም። ወንድሜን ልትጨርስብኝ ነው!»

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አህያ አቁመው፣ የይታይሽን ልብስ በጨርቅ ቋጥረው አገኘናቸው። ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ሰሃላ ሊመልሷት ነው። ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አታለቅስም። አትከራከርም።

ሲስተር እማ ስንዱን አየች፣ አህያውን አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ካርድ አውጣላት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለይታይሽ ነዋ! እማ ስንዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ታማሚ ናት። እግሯ ማበጡን አላዩም? እኔ ሳልፈቅድ የትም አትሄድም። ሰሃላ ድረስ በእግሯ ስትሄድ መንገድ ላይ ምጥ ቢይዛት ማን ያዋልዳታል? አህያው?»

እግሯ አብጦ ነበር፤ በመጠኑ። ሲስተር ግን እንደ ትልቅ ነገር ተናገረችው። እማ ስንዱ እየተራገሙ ቋጠሮውን መልሰው ፈቱ። ይታይሽ የወሊድ ክፍል ውስጥ አልጋ ያዘች።

ሲስተር ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ካሱ ሄደች። እኔንም አስከተለችኝ። ተቀመጠች። ቆሎ ሰጠቻቸው። ስለ ንቦቻቸው ጠየቀቻቸው፤ አበባው እንዴት እንደሆነ፣ ነጩን ማር መቼ እንደሚቆርጡ። አያ ካሱ ስለ ንብ ሲናገሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ እጃቸው እንኳ ቀፎ የሚሠራ ይመስላል።

«ይህን ሙያ የሚወርስዎት አለ አያ ካሱ? ልጆች ስንት አሉዎት?»

«ሁለት ሴቶች አሉኝ፤ ተድረዋል። አንድ ወንድ…»

ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ልይዛቸው ስል ሲስተር በእጇ ከለከለችኝ። ራሳቸው ሥር ትራስ አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። አልጋው ሲናወጥ፣ ሌሎቹ በሽተኞች ሲያማትቡ፣ እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አለሁ አያ ካሱ። ያልፋል። እስኪያልፍ አልሄድም» ትላቸዋለች። ደግማ ደጋግማ አለችው። ቀስ በቀስ ሰከነላቸው። ፊታቸውን በፎጣ ጠረገችላቸው።

«ምስጋናው ምን ሆነ?» አለቻቸው።

አያ ካሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲናገሩ በኽምጣንጋ ነበር። ሲስተር ወደኔ አየች። ተረጎምኩላት።

«ልጄ ሞቷል» ነው የሚሉት። አብሮት የዘመተ ቆስሎ የተመለሰ ጎረምሳ ገበያ ላይ አግኝቶ ነግሯቸዋል። የአገር ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታቸው ተሰብስበው መከሩ። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ እስክትወልድ መርዶው አይነገራት ተባለ። አያ ካሱ መስቀል ስመው ማሉ።

«በየቀኑ ምሳ ታቀርብልኛለች» አሉ። «በየቀኑ ‹አባ፣ ከምስጋናው ወሬ መጣ?› ትለኛለች። ‹ደህና ነው› እላታለሁ። ልጄ ሞቶ አላለቀስኩም። ‹ደህና ነው› እያልኩ እበላለሁ። አንድ ቀን ‹ደህና ነው› ስል ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሚያደርገኝን አላውቅም።»

ሲስተር በርጩማዋን አስጠጋች። ከዚያ እጃቸውን ያዘች።

«እርስዎ አላበዱም፤ አልተለከፉም። ይህ ለአንድ ሰው ሸክም አይደለም። ሰውነትዎ አቃተኝ አለ፤ ይኸው ነው።»

ይንገሯት አላለችም። መሐላ ያሰረ ይፍታው ብላ ለነፍስ አባታቸው መልእክት ላከች። በረንዳው ላይ ግን ያዝኳት። «ልጅቱ ደንግጣ ፅንሱ ቢወርድስ?»

«እኔም እፈራለሁ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። «ግን ይህ ነገር ከእንግዲህ አይደበቅም፤ አንዱ ጠጥቶ ይነግራታል። ብቻዋን መንገድ ላይ ከምትሰማው ከእኛ ዘንድ ትስማው።»

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ከደሃና መጥተው አድረው፣ ሰማዩ ሲቀላ ወደ ወሊድ ክፍሉ ገቡ። ሲስተር የይታይሽን የደም ግፊት ለክታ፣ የማዋለጃውን ዕቃ ቀቅላ አዘጋጅታ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ አያ ካሱን ደግፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እማ ስንዱ ከኋላችን ናቸው። ይታይሽ የሰዎቹን ፊት አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ቄሱ፣ «ልጄ፣ ሰው የፈጣሪ ነው፤ ሰጪም ነሺም እሱ…» ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሣች።

«አባቴ፣ አውቃለሁ» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከዐቢይ ጾም ጀምሮ አውቃለሁ። ውሃ ስቀዳ ጓደኛዬ ነገረችኝ፤ ወንድሟ አብሮት ነበር።»

«ታዲያ ስለምን ዝም አልሽ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አባ አልሰሙም ብዬ ነው። ያላቸው ወንድ እሱ ብቻ ነው። ከሰሙ ይሞቱብኛል ብዬ ነው።»

ሲስተር ቀስ ብላ፣ «በየቀኑስ ወሬ መጣ ወይ እያልሽ የምትጠይቂያቸው?» አለቻት።

«ካልጠየቅሁማ ማወቄን ያውቁብኛል!» አለች ይታይሽ።

ወዲያው የአያ ካሱን ቀኝ እጅ አየሁ፤ ሊጀምራቸው ነው ብዬ። አልጀመራቸውም። ክንዴን ለቀቁና በእግራቸው ሄደው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺም?» አሏት።

«እርስዎም?» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። አያ ካሱ የወራት ለቅሷቸውን በአንድ ጊዜ አለቀሱት። ልጅቱ ራሳቸውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እንደ ልጅ እያባበለች፣ አብራቸው አለቀሰች። እማ ስንዱ «እግርሽን ያማሁበት አፌ ይቆረጥ!» እያሉ እግሯ ላይ ወደቁ። ከተኝቶ መታከሚያው መራመድ የቻለ በሽተኛ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። የሥራ ባልደረቦቻችን ጸጥታ ይከበር ሊሉ ሲመጡ ሲስተር በሩ ላይ መለሰቻቸው። «ዛሬ ይህ ክፍል ለቅሶ ቤት ነው» አለች። እየተነፋረቀች በመሃል የልጅቱን የደም ግፊት ትለካለች። ደህና ነበር።

አያ ካሱ በዚያው ቀን ተፈወሱ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን እንደዚያ አይደለም። ከዚያ በኋላም ወድቀዋል፤ እያጠረ፣ እየቀለለ ሄደ። ሲስተር፣ «ሰውነትዎ ለምዶት ነው፤ አይፍሩት፣ ይረሳዋል» ትላቸው ነበር። እውነትም ረሳው። አገራቸው ገብተው በወጉ ተዝካር አወጡ። ይታይሽ ለመውለድ ወደ እኛ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ አህያውን የሚጎትቱት፣ ውሃ ጠማሽ ወይ እያሉ የሚጨነቁት እማ ስንዱ ነበሩ። ሴት ልጅ ወለደች። ሰው ሁሉ «ምትክ በሏት» አለ። አያ ካሱ እምቢ አሉ። «እሱ እሱ ነው፤ እሷም ራሷ ናት። ገና ዛሬ የመጣችን ልጅ የሞተ ሰው አላሸክማትም» አሉ። እናቷ ጥሩወርቅ አለቻት። ማር በተቆረጠ ቁጥር አያ ካሱ ነጭ ማር በቅል ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከዚያም ልጅቱን፣ እያደገች ስትሄድ፣ በትከሻቸው ተሸክመው።

ከዚያ ወዲህ የሲስተር ስም በየአገሩ ወጣ። የሚወድቅ፣ ድምፁ የጠፋ፣ እግሩ አልሄድ ያለው ሁሉ ወደ እሷ መጣ። እሷ ይህን አልወደደችውም። «እኔ ጠንቋይ አይደለሁም!» ትል ነበር። አንድ ጊዜ የሚወድቅ ተማሪ መጣ። ፈተና ደርሶበት ስለነበር የፈተና ጭንቀት ነው ብላ በርጩማዋን ይዛ ብዙ ከረመች። የወልድያው ሐኪም መጥቶ ሲያየው እውነተኛው የሚጥል በሽታ ሆኖ ተገኘ። ክኒን ጀመረ፤ ተሻለው። ሲስተር አጨበጨበች። «ጌታዬ! ልጁን በወሬ ልገድለው ነበር!» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ሁሉን ነገር ሐዘን አታድርገው፤ ክኒን የሚፈልገው ክኒን ይዋጥ» አለችኝ። መሳሳቱን እንደዚያ በደስታ የሚቀበል ሰው አላየሁም።

ባሏን አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ከሲስተር ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። «እንዴት ተደርጎ!» አሉኝ። «ልቆጣ ገና ድምፄን ከፍ ሳደርግ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።»

ጡረታ ወጥተው ወደ ደሴ የተመለሱ ዕለት አውቶቡስ ተራው በሰው ተሞላ። አያ ካሱም፣ ይታይሽም፣ ትምህርት ቤት የገባችው ጥሩወርቅም ነበሩ። ሲስተር ሁሉንም አገላብጣ ስማ፣ ከሁሉም ጋር አልቅሳና ስቃ ገባች። እኛ በመስኮቱ በኩል ተሰልፈን እጃችንን አንሥተን መጠበቅ ጀመርን። ባሏ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጠው ያውለበልባሉ። እሷ ግን ከጎናቸው የለችም። አንገቴን አስግጌ ስፈልጋት ከኋላ ወንበር ላይ አየኋት። አንዲት የማላውቃት፣ መቀነቷን በእጇ የምትጠመዝዝ ወጣት ሴት አጠገብ ተቀምጣለች። ሴትየዋ ዝቅ ብላ ትናገራለች። ሲስተር ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠግታ ታዳምጣለች።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሰዉ «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ ጮኸ። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ወደ ወልድያ መንገድ ወጣ። ወደ እኛ አልዞረችም።